አምስት ክንድ ውሃ

ማሌ፣ ማርች 9 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ፤ ወንድሜ ናዝሚ፣

አላህ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም፤ ጤናህን አይንሣህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አለን ስልህ ግን ተደራርበን ነው።

ትናንት ዜናውን ስሰማ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ለካ ባሌ ሺያም ከወደብ ሌሊቱን ሠርቶ ገብቶ፣ ልጆቹ በለቀቁት አልጋ ላይ ገና ጎኑን ማሳረፉ ነው። እልልታዬን መልሼ ዋጥኩት። በዚህ ቤት መተኛት ብቻ ሳይሆን ደስታም በተራ ሆኗል እኮ! ሁለት ክፍል፣ አሥራ አንድ ሰው። አልጋው ከእኛ በላይ ደክሟል።

ቤት ደርሶናል ናዝሚ! በአዲሱ ደሴት፣ ከባሕር አሸዋ አውጥተው በሠሩት መሬት ላይ። ሦስት ክፍል፣ የራሱ ማብሰያ፣ የጎረቤት ግድግዳ ላይ የማይከፈት መስኮት። ልጄን ዩምናን የሚያያት ሐኪም «ለዚች ልጅ ደረት ከመድኃኒት ይልቅ ነፋስ ይበጃታል» ብሎኝ ነበር። በማሌ ነፋስ ከየት ይመጣል? ግድግዳችንና የጎረቤቶቻችን ግድግዳ ተነካክተው የእነሱን ሽንኩርት ጥብስ የምንስለው እኛ ነን።

አሁን መርዶውን ስማ። ፎርሙን የሞላሁት በአባባ ስም ነው። ትልቅ ሰው ይቀድማል ስላሉ። ደንቡ ደግሞ ባለስሙ ራሱ ገብቶ ካልኖረበት ቤቱ ወረፋ ላይ ላለው ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል ይላል። ቤት ውስጥ በተሰቀለው ዥዋዥዌአቸው ላይ ተቀምጠው ፎፈል የሚሉትን ፍሬ ሲያኝኩ አበሰርኳቸው። «ማን ጠይቂልኝ አለሽ?» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። «እዚያ አሸዋ ላይ እንኳን እኔ ሬሳዬም አይሄድ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ምን ነካቸው? ባሕር ላይ አብረሃቸው የዋልከው አንተ ነህ። የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝ። ለዩምናም ያንን በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ላክልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል። ስልክ አትደውል። ስናወራ አሥር ሰው ከጀርባዬ ቆሞ ይሰማል፤ ከዚያ አሥሩም ይመክረኛል።

እህትህ ዘኪያ


ሲንጋፖር፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2003

እትዬ ዘኪያ፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ አነበብኩት። እንኳን አላህ ሰማሽ! እልልታሽን እዚህ ሆኜ ጨረስኩልሽ፤ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ያበድኩ መስሎት በሩን ዘጋብኝ።

መድኃኒቱን በአንድ የእኛ መርከበኛ እጅ ልኬያለሁ፤ ስድስት ነው። ለአዲሱ ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላስጭንልሽ አስቤያለሁ። ቀለሙ ነጭ ይሁን ሰማያዊ? ሥራዬ ደህና ነው። ያው የባሕር ወለል መለካት ነው፤ ስንት ጥልቀት፣ ምን ዓይነት አሸዋ፣ የት ዓለት አለ እያልን ስንጽፍ እንውላለን። ሙቀቱ እንደ አገራችን ነው፤ ዓሣቸው ግን ጣዕም የለውም። የዓሣውን ድልህ አንድ ጠርሙስ ላኪልኝ፤ እባክሽ ክዳኑን በላስቲክ እሰሪው። ያለፈው ፈስሶ የጉምሩኩ ሰውዬ በእጁ አፍንጫውን ይዞ ነው ያስረከበኝ።

የአባባ ነገር ጊዜ ይፈታዋል። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ አትጫኛቸው።

ወንድምሽ ናዝሚ


ማሌ፣ ሜይ 15 ቀን 2003

ለወንድሜ ለናዝሚ፤ የአላህ ሰላም ከአንተ አይለይ።

መድኃኒቱ ደርሶ ዩምና ሁለት ሌሊት ያለ ሳል ተኛች። አላህ ብድርህን ይክፈል። የአባባን ነገር ግን «ጊዜ ይፈታዋል» ብለህ ልታልፈኝ? እኔን እህትህን? ገና ስትንተባተብ የማውቅህን! ስለ ልብስ ማጠቢያ ሁለት መስመር፣ ስለ ጉምሩክ ሦስት መስመር፣ ስለ አባትህ ግማሽ መስመር ጽፈሃል። ቆጥሬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዩምናን አስለምኜ አባባን በጀልባ ይዣቸው ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ እሳቸው ግን ወደ መቃብር እንደሚሄድ ሰው ነበር የተቀመጡት። ደሴቱ ገና ነጭ አሸዋ ነው፤ ሕንፃዎቹ ቆመዋል፣ መንገዱ ተሠምሯል፣ መስጂዱ ቀለም ሊቀባ ነው። ልጅቷ ሮጠች ናዝሚ! በማሌ ሞተር ብስክሌት ይገጫታል ብዬ ሁልጊዜ እጇን የምይዛት ልጅ ብቻዋን ሮጠች፤ አልሳለችም። እኔ እሷን እያየሁ ሳለቅስ አባባ ዓይናቸውን ከማሌ ሚናሬት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ዛፎች፣ ከዛፎቹ ወደ ሚናሬቱ ሲያመላልሱ ቆዩ። ከዚያ አሥር እርምጃ ወደ ግራ ሄደው ቆሙ።

«ዘኪያ፣ የት እንደቆምሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰፈራችን ውስጥ» አልኳቸው።

«ዓሣዬ ላይ ነው የቆምሽው።»

ለካስ ቱናውን የሚያማልሉባቸውን ትንንሽ ዓሦች በመረብ የሚያወጡበት ቦታ እዚያ ነበር። «ይህን ቦታ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር» አሉኝ። ያ አንድ ሰው ማነው? እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ እኔን ጀልባው ያስመልሰኛል።

ስንመለስ «ይኸው ያማረ ደሴት ነው፣ ምን ቀረው?» ብላቸው ተቆጡኝ። «ደሴት የሚባለው አርባ ነዋሪ ወንድ ለጁምዓ ሲሰለፍበት ነው። ያለዚያ የአሸዋ ክምር ነው!» የተወለዱባት ደሴት እንዴት እንደተዘጋች ሲያወሩ ታስታውስ የለ? በአንድ ማዕበል ሁለት ሰው ሰጥሞ አርባው ሠላሳ ስምንት ቀረ፤ ጁምዓ ተቋረጠ፤ ሕዝቡ ተነሥቶ ወደ ሌላ ደሴት ተበተነ። እሳቸው ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። «ሁለት ሰው ጎደለና አንድ አገር ተዘጋ» አሉኝ ጀልባው ላይ። «አርባ ስትሞሉ ጥሪኝ።»

ቁልፍ የሚሰጡን በሚመጣው ዓመት ኤፕሪል ነው። አባባ እስከ ጁን መጨረሻ ካልገቡ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። እንግዲህ ከአንተ ማሽን አልፈልግም፤ ነጩንም ሰማያዊውንም ተወው። የምፈልገው እውነቱን ነው።

ዘኪያ


ሲንጋፖር፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2003

ለእትዬ ዘኪያ፤ ሰላምታዬ ባፈረ ፊት ይድረስሽ።

አራት ወር ሙሉ ስጽፍ ስቀድ ነው የከረምኩት። ተቆጥተሻል፤ ልክ ነሽ።

ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ባሕር የሚለኩ የውጭ አገር ሰዎች ጀልባና ባሕሩን የሚያውቅ ልጅ ፈልገው ወደብ መጡ። አባባ ታመው ተኝተው ነበርና ጀልባቸውን ይዤ ሄድኩ። «አሸዋው የት ይበዛል? ጥልቀት የሌለው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ጅሉ፣ ማወቄ ደስ ብሎኝ፣ አባባ ያስተማሩኝን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሚናሬቱን ከዛፎቹ ጋር አስተካክሎ ቦታ ማግኘቱን፣ የባሕሩ ፍሰት የሚዞርበትን፣ ሁሉንም። እነሱ ይጽፋሉ፣ እኔ አወራለሁ። በአንድ ቀን ውስጥ የአርባ ዓመት ምስጢራቸውን ጨረስኩት። ሥራዬን ወደውልኝ ለትምህርት ወደዚህ የላኩኝም እነሱ ናቸው። አሁን የምበላው እንጀራ ከዚያች ቀን የመጣ ነው።

አባባ ያወቁት የአሸዋ መጣጩ ቧንቧ ቦታቸው ላይ አሸዋ ሲተፋ ሲያዩ ነው። አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ያሳየሁህ ልታጠምድበት ነበር» ብቻ አሉኝ። በሳምንቱ ሄድኩ። እስከ ዛሬ አንድ ፊደል አልጻፍኩላቸውም። «አባባን ሳሚልኝ» ስልሽም እንደማትነግሪያቸው ተስፋ እያደረግሁ ነው።

እትዬ፣ ደሴቱ መሠራቱ አይጸጽተኝም። ዩምና ሮጠች ብለሽ ስትጽፊልኝ ደብዳቤውን ሳምኩት። የሚጸጽተኝ አለመጠየቄ ነው። ቤትሽ ከሄደ ያስወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። ይህን አንብቢላቸው፤ ወይም ቅደጂው። አንቺ እንዳወቅሽ።

ናዝሚ


ማሌ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2003

ናዝሚ ወንድሜ፣ አላህ ልብህን ያሳርፈው።

አንጀቴ አርሮ ሦስት ቀን ስሰድብህ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን አለቀብኝ።

ቤት ውስጥ ሊነበብ አይችልም፤ ጆሮ ሞልቷል። ከዐስር ሶላት በኋላ አባባን ወደ ባሕሩ ግንብ ወሰድኳቸውና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ጨረስኩ። የሚያኝኩትን ፎፈል ወደ ባሕር ተፉ። እኔ በልቤ አበቃልን፣ ቤቱም ልጁም ሄደ አልኩ።

«ስንት ክንድ ነው አላቸው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ጥልቀቱ ነዋ! እኔ ዓሣ የማወጣበት። ስንት ብሎ ነገራቸው?»

ደብዳቤው ላይ የለም አልኳቸው። «አውቀዋለሁ፤ አራት ነው የሚላቸው። ሲጎድል ነው የሚለካው እሱ፣ ለመዋኘት እንዲመቸው! አምስት ነው። ውሃ የሚለካው ሲሞላ ነው፤ ስንቴ ነገርኩት!» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። እጄን ያዙኝ። «ዘኪያ፣ አንድ ክንድ አጉድሎ ከነገራቸው ደሴቱን አንድ ክንድ ዝቅ አድርገው ሠርተውታል ማለት ነው። ልጅሽን እዚያ ልታስተኚያት?»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያኮረፉት ሰው፣ አሁን የሚያስፈራቸው የእሱ ልኬት ነው! ስለዚህ አሁን የምለምንህ ሌላ ነገር ነው። ለእኔ አትጻፍ። ለእሳቸው ጻፍ፤ በገዛ ስማቸው፣ በገዛ ፖስታቸው። ዓይናቸው ደክሟልና ፊደሉን አተልቀው።

ዘኪያ


ሲንጋፖር፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2003

ለተከበሩ አባቴ፣ ለአባባ ሳሊሕ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር ነበር፤ ግን ከየት ብዬ? ሳልጠይቅዎ ተናገርኩ፤ ተናግሬም ሸሸሁ። ሁለቱንም ይቅር ይበሉኝ።

አራት ብዬ ነበር። ሲጎድል ነው የለካሁት። እንዴት እንዳወቁብኝ አላውቅም።

ሰዎቹ ግን በእኔ ቃል ብቻ አልሠሩም። በመሣሪያቸው እንደገና ለክተው ነው። መሬቱን ከማሌም ከፍ አድርገውታል፤ እኔ ወረቀቱን አይቻለሁ። ዩምና ውሃ አይነካትም።

እዚህ ገመድ ስጥልና ቁጥር ስጽፍ ሁልጊዜ ድምፅዎ ይሰማኛል፤ «ጠብቅ፣ ገና አልሞላም» ይላል። እጠብቃለሁ። አለቃዬ ዘገምተኛ ይለኛል።

ልጅዎ ናዝሚ


አዲሱ ደሴት፣ ሜይ 9 ቀን 2004

ናዝሚ ሆዴ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ ከመስኮቴ ሥር ሆኜ ነው የምጽፍልህ። መስኮቴ አልኩህ፤ ሰማህ?

በኤፕሪል ገባን፤ እኔ፣ ሺያምና ልጆቹ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን አደርን። ሌሎቹ ክፍሎች ባዶ ሲሆኑ ፈራን! ሺያም ቀን ሲተኛ ጸጥታው እያባነነው ነው። «አንድ ሰው እንኳ ይጩህብኝ እንጂ» ይላል። ዩምና መድኃኒቱን ከነፋች አሥራ ሰባት ቀኗ።

አባባ የሉም። ማሌ ዥዋዥዌአቸው ላይ ናቸው፤ የአክስታችን ልጆች ምግብ ያቀርቡላቸዋል። ደብዳቤህን ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ፤ መልስ ይጻፉ እንደሆነ ስጠይቃቸው ወሬ ይለውጣሉ። «መሣሪያ አላቸው ይላል፤ መሣሪያ ውሃውን የምትሞላውን ጨረቃ ያውቃል?» ነው የሚሉት። በሄድኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ደረሳችሁ?»

ወንድ መቁጠር ሥራዬ ሆኗል፤ ሺያም እንኳ ቀና። ሻንጣ የያዘ ሰው ከጀልባ ሲወርድ «ለመኖር ነው ለጥየቃ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ሃያ ስድስት ነበርን፤ ከዚያ ሠላሳ አንድ፤ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ነን። ሠላሳ ስምንት! ቁጥሩን ስነግራቸው ዥዋዥዌአቸውን በእግራቸው ያዝ አድርገው አቆሙት።

ሰባት ሳምንት ቀርቶናል። የቤቱ ቢሮ ሰው ሁለቴ መጥቶ «አባትሽ የታሉ?» ብሎኛል። «ዓሣ ላይ ናቸው» አልኩት። አንተስ ለምን አትመጣም? ኮንትራትህ በጁላይ ያልቅ የለ?

ዘኪያ


ሲንጋፖር፣ ሜይ 23 ቀን 2004

እትዬ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ በችኮላ ነው።

ኮንትራቱን ለሦስት ዓመት እናራዝምልህ ብለውኛል፤ እስከ ጁን መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። ልምጣ ብል እሳቸው የሌሉበት ቤት ምን እሠራለሁ? እሳቸው ካልጠሩኝ አልመጣም። መሄዴን ሳላስፈቅድ ነው የሄድኩት፤ መመለሴን ግን ሳላስፈቅድ አላደርገውም።

ሠላሳ ዘጠነኛው መጣ?

ናዝሚ


አዲሱ ደሴት፣ ጁን 6 ቀን 2004

ናዝሚ፣ ናዝሚ፣ ናዝሚ!

አሰላሙ ዓለይኩም ብያለሁ፤ ሌላውን ሰላምታ ራስህ ሙላው፤ ወሬው አይጠብቅም።

ሠላሳ ዘጠነኛው ረቡዕ መጣ፤ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ወፍራም፤ ኧረ ለሁለት ቢቆጠር ምናለ ብዬ ነበር። ሐሙስ ጨረቃ ሞላች። ዓርብ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ አባባ! በአንድ እጃቸው ቀርከሃ፣ በሌላው የመልስ ቲኬት።

«ልኖር እንዳይመስልሽ። ውሃው ሲሞላ ልለካ ነው የመጣሁት።»

ቁርስ የቱና ፍርፍሩን በኮኮናት ሠርቼ አቀረብኩ፤ አልነኩትም። ዩምናን አስከትለው ወደ ዳርቻው ወረዱ። ውሃው እየወጣ፣ እሳቸው ቀርከሃቸውን ተክለው፣ ልጅቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። ሲሞላ ጠበቁ። ከውሃው እስከ አፋፉ ድረስ በክንዳቸው ለኩ፤ ደግመው ለኩ። ዩምና እየሮጠች መጣችና «እማ፣ አያቴ ‹ሁለት ክንድ ደረቅ ነው፤ ያ ልጅ አሁን ሳይሞላ አይለካም› አሉ!» አለችኝ። ያ ልጅ አንተ ነህ።

በዚያ መሐል ወንዶቹ መስጂዱ በር ላይ ተሰብስበዋል። ኢማሙ ከነዋሪዎቹ አንዱ ናቸው፤ ራሳቸውን ጨምረው ቆጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ። ደግመው ቆጠሩ። ዳቦ ጋጋሪው «የግንባታ ሠራተኞቹስ? ሙስሊም አይደሉ?» አለ። ኢማሙ «ሙስሊም ናቸው፣ መጥተው ይሰግዳሉ፤ ግን ሥራው ሲያልቅ አገራቸው ይገባሉ፤ አርባው ውስጥ የሚቆጠረው እዚህ የሚኖር ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ጀልባው ማዝገም ጀመረ፤ እንደ ሁልጊዜው ጁምዓን ማሌ ሊሰግዱ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ።

አባባ ከዳርቻው ቀርከሃቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እሳቸውም የሚሄዱት ወደ ጀልባው ነው። ኢማሙ አዩዋቸው።

«አባባ ሳሊሕ፣ እንግዳ ነዎት ወይስ ነዋሪ?»

ናዝሚ፣ ሰው ሁሉ ቆመ። እኔን ተናገሪ ተናገሪ አለኝ፤ ምላሴን ያዝኩት። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ሊመልስላቸው እንደማይገባ አንተ አስተምረኸኛል።

«ስንት ናችሁ?» አሉ አባባ።

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

ቲኬቱን አዩት። ማሌን አዩ፤ ሚናሬቱን ከዛፎቹ ጋር አስተካከሉ፤ ልማድ ነው መቼም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት አየሁባቸው፤ እምልልሃለሁ።

«እንግዳ ማለት እናንተ ናችሁ!» ብለው ተቆጡ። «አንዳችሁም ሳትወለዱ እኔ እዚህ ቦታ ከጠዋት ጀምሮ እውል ነበር። ያኔ ውሃ ነበረ እንጂ እኔስ እዚሁ ነበርኩ። ነዋሪ ነኝ፤ ጻፉ!»

አዛን ተባለ። እኔ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። የዋጥኩት እልልታ ትዝ ይልሃል? ወጣ። ሺያም እንኳ እሰይ አለኝ።

ከሶላት በኋላ የቤቱን ወረቀት ፈረሙ። ትናንት ዥዋዥዌው በጀልባ መጥቶ ተሰቅሏል። አሁን እላዩ ላይ ሆነው፣ ደብዳቤህን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ «ወረቀት ትተሽልኛል ወይ?» እያሉኝ ነው። ትቼላቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ነው፤ አንድ ፊደል አልነካሁም።

ዘኪያ

ልጄ ናዝሚ፣

አምስት ነበር። አሁን ደረቅ ነው።

ልክ አርባ ሆነናል፤ ትርፍ የለንም። ዳቦ ጋጋሪው ዛሬ ሲያስነጥስ ሰማሁት። አንድ ሰው ታመመ ማለት ጁምዓ ቆመ ማለት ነው። እኔ ሁለተኛ ደሴት ሲዘጋ ማየት አልፈልግም።

ቶሎ ና።

አባትህ ሳሊሕ